ሊዲን ኬጂ የማላመድ ዘመቻ

ደሴ በዘመኗ ብዙ ታላላቅ ጉዞዎችን ሸኝታለች። የአቶ ወንድምአገኘሁ ልጅ ሊዲ ሰኞ ገበያ ካለው ቤቷ ተነስታ ታች መንደር ኬጂ የገባችበትን ያህል ግን በጥናት፣ በዕቅድና በአመራር የተደገፈ ጉዞ አላየችም። ይህን የምለው ጎረቤታቸው ስለሆንኩ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

አቶ ወንድምአገኘሁ ኮምቦልቻ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት የአቅም ግንባታ አሠልጣኝ ናቸው። ስመ ጥር ያደረጋቸው «ራስን መቻል» የተሰኘው ሥልጠናቸው ነው። በዚህ ርዕስ ላይ የምሳ ሰዓት አልፎ ሠልጣኙ እስኪያዛጋ ድረስ ውሃ ሳይጠጡ መናገር ይችላሉ።

ሊዲ ደግሞ ከብዙ ዓመት ጸሎት በኋላ የተገኘች ልጅ ናት። እናቷ ጽናት አንድ ቀን «በቃ፣ አድጋለች፤ ኬጂ እናስገባት» አለች። አቶ ወንድምአገኘሁ ጉዳዩ እንዲህ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ አለመሆኑን አስረድተው የዝግጅት ምዕራፍ አወጁ። ማታ ማታ ልጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ግንዛቤ ያስጨብጡ ጀመር።

«ሊዲዬ፣ ኬጂ ምንም አያስፈራም። እሺ?»

«እሺ።»

«ማንም አይነካሽም። እንዳታለቅሺ። አባዬ አለልሽ።»

ይህ ትምህርት ለሳምንታት ከተሰጠ በኋላ፣ እስከዚያ ድረስ ከአውራ ዶሮ ጋር ተጣልታ የምታሸንፈው ሊዲ «አባዬ፣ እዚያ ጅብ አለ እንዴ?» ብላ ጠየቀች። አባቷ ልጅቱ ስጋትን መተንተን መቻሏን እንደ አንድ ስኬት ቆጠሩት።

ቀኑ ደረሰ። አቶ ወንድምአገኘሁ የዓመት ፈቃድ ወስደው፣ ክራቫት አስረው፣ በጧቱ ጉም ውስጥ ልጃቸውን ይዘው ወረዱ። በር ላይ የተቀበለቻቸው መምህርቷ ሰዒዳ ናት። ሊዲ ግቢ ውስጥ የተቆለለውን የመጫወቻ አሸዋ እንዳየች የአባቷን እጅ ለቃ ሮጠች፤ ቦርሳዋ እሳቸው ትከሻ ላይ ቀረ።

«ማሻአላህ! ይችማ ገና ሳትገባ ለመደች» አለች ሰዒዳ። «በሉ የሊዲ አባት፣ ሳም ያድርጓትና ከምሳ በኋላ እመጣለሁ ብለዋት ይሂዱ።»

«መሄዱ በሂደት መሆን አለበት።»

«ወላሂ በእግር ቢሆን ይሻላል።»

እሳቸው ግን ክፍል ገብተው ከልጆቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከአገጫቸው ጋር ተገናኘ። ልጆቹ ሲገቡ ሊዲ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ኩብ መደርደር ያዘች፤ እሳቸውም ክትትላቸውን ጀመሩ።

«ሊዲዬ፣ ደህና ነሽ?»

«አዎ።»

«አባዬ አልናፈቀሽም?»

«አይ።»

«እስኪ በደንብ አስቢ።»

ሊዲ በደንብ አሰበች። ከዚያ አለቀሰች።

«አላልኩም?» አሉ አባቷ ወደ ሰዒዳ ዞረው። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ ፊታቸው ግን ትንቢቱ እንደሠመረለት ሰው ፊት ያበራ ነበር።

የልጅ ልቅሶ አንዱ ከጀመረው ሁሉም ይቀበለዋል። ክፍሉ ባንድ ድምፅ ጮኸ። ልጃቸውን አድርሰው እየወጡ የነበሩት ነጋዴው አቶ ዘይኑልአቢዲን ጩኸቱን ሰምተው ከበር ተመለሱ። «የሰው ልጅ አባቱ አጠገቡ ተቀምጦለት፣ የኔው የቲም ነው እንዴ?» ብለው እሳቸውም ትንሽ ወንበር ሳቡ። ይህን ያዩ እናቶች ገቡ። እናቶቹ ለሌሎች ደወሉ። ረፋዱ ላይ ክፍሉ በወላጅ ጢም ብሎ ሞልቶ ልጆቹ መቆሚያ አጡ። ሰዒዳ ልጆቹን እንደ ጫጩት ሰብስባ ወደ ግቢው አወጣችና በሩን ከኋላዋ ገጠም አደረገችው።

ውስጥ የቀረው ጉባኤ የሕጻናት መላመድ አመቻች ኮሚቴ አቋቋመ። አቶ ወንድምአገኘሁ በሙሉ ድምፅ ሰብሳቢ ሆነው ንግግር አደረጉ።

«ልጆቻችን ያለ እኛ መቆም እስኪችሉ ድረስ ከአጠገባቸው ንቅንቅ አንልም!»

ተጨበጨበ። አንዲት እናት እጇን አውጥታ «ልጆቹ ግን የት አሉ?» ስትል ከአጀንዳ ውጭ ነው ተባለች።

ልጆቹ አሸዋ እየዛቁ ነበር። ከዚያ ምሳ ዕቃቸውን ከፈቱ፤ የሊዲን ፍርፍር የዘይኑልአቢዲን ልጅ በላው፣ የእሱን ሳምቡሳ ሊዲ በላች። ሰዒዳ ጎን ባለው ክፍል ፍራሽ አነጠፈችላቸውና ተኙ። ኮሚቴው በዚህ ሰዓት ምክትል ሰብሳቢ መምረጥ አቅቶት ተጣልቶ ነበር።

መጀመሪያ የወጡት አቶ ዘይኑልአቢዲን ናቸው። በመስኮት አዩና ተመልሰው፣ «ሰብሳቢ፣ ልጆቹ ለጥ ብለው ተኝተዋል። ማንን ነው የምናላምደው?» አሉ። ወላጁ አንድ በአንድ፣ እርስ በርስ ሳይተያይ ወጣ።

አቶ ወንድምአገኘሁ መስኮቱ ጋ ብቻቸውን ቀሩ። ሊዲ እጇን ጎኗ የተኛው ልጅ ሆድ ላይ ጥላ ተኝታለች። ከተወለደች ጀምሮ ክንዳቸውን ሳትንተራስ ስትተኛ አይተዋት አያውቁም። ልጃቸው ደህና ናት፤ ማንም አልጠራቸውም። ይህ ምን ያህል እንደሚያም በየትኛውም የሥልጠና ሰነድ ላይ አልተጻፈም። ቦርሳዋን እንዳቀፉ ትንሿ ወንበር ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ጽናት መጣች።

«እንዴት ዋለች?»

«ሊዲማ በላች፣ ተጫወተች፣ ተኛች» አለች ሰዒዳ። «እህል ሳይቀምሱ የዋሉት አባቷ ናቸው። አብሽሪ፣ ይለምዳሉ።»

በማግስቱ ጽናት ልጇን ኬጂው በር ላይ ሳመቻት፤ ሊዲ እየሮጠች ገባች፤ አለቀ። ቀሪውን ረፋድ የፈጀባት ባሏን የኮምቦልቻ ሚኒባስ ላይ ማሳፈሩ ነው።