የክቡር እንደራሴ ዴልበርት ያንዶ ሁለት ጊዜ የመቆማቸውና አንድ ጊዜ የመቀመጣቸው ዜና

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፤ የኤልም ሆሎ ከተማ ሕዝብ ዴልበርት ያንዶን መርጦ ወደ ግዛቱ ሸንጎ በሰደደ በአምስተኛው ዓመት፣ ይኸውም የከተማይቱ በረዶ ጠራጊ መኪና ቦይ ውስጥ ገብታ በፈረስ በተጎተተች በዓመቱ፣ በወርኀ መጋቢት፣ በዘመነ ጭቃ፣ ምድር የሰውን ቦት ጫማ ከነካልሲው በምትውጥበት ወራት፣ ገናናው፣ ትከሻ ሰፊው፣ የላሞች ጌታ፣ ባለ አንድ ክራባቱ እንደራሴ ዴልበርት ያንዶ ተነሡ፤ ተነሥተውም ተቀመጡ፤ ዜናቸውም ይህ ነው። በታሪክ መጽሐፍ ተራ ወሬ አይጻፍምና፣ በዚህ ውስጥ ሰው የተነፈሰው ሁሉ አዋጅ ነው፤ አንባቢም እንደ አዋጅ ይስማው።

የጠቡ ሥር ካቻምና ሐምሌ ነው። የእንደራሴው ታላቅ እኅት ወይዘሮ ሙርየል ያንዶ፣ እርሻቸው ከወንድማቸው እርሻ በአንድ አጥር የሚዋሰን፣ ክንዳቸው ብርቱ፣ ቃላቸው አጭር፣ የድርቆሽ ማሰሪያ መኪናቸው ሜዳ መካከል ቀጥ ብላ ቆመችባቸው። ብልሽቷ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም፤ ሙርየል በአንድ መፍቻ ይጨርሷት ነበር፤ መኪናይቱ ግን ቀይ መብራቷን አብርታ፣ ፋብሪካው የላከው ሰው ካልነካኝ አልንቀሳቀስም አለች፤ ፋብሪካውም መለዋወጫውን አልሸጥም፣ መክፈቻ ቁጥሩንም አልናገርም አለ፤ የተላከውም ሰው ገና መንገድ ላይ ሳለ ዝናቡ ቀደመውና የዓመቱ ድርቆሽ እንዳለ ሻገተ። ስለዚህም ነገር «የጥገና ሕግ» የሚባል ለሸንጎው ቀረበ፤ መኪና የሸጠ ሰው መለዋወጫውንና የአጠጋገኑን መጽሐፍ ለገዢው አይንፈግ፤ ደኅና ዕቃም በትንሽ ብልሽት ሰበብ ቆሻሻ መጣያ አይውረድ የሚል። ሙርየልም ወንድማቸውን አጥር ላይ አስቁመው አዋጅ ነገሩ፤ «ዴል፣ ካንተ ምንም ጠይቄህ አላውቅም። ይህቺን አንዷን አዎ በልልኝ።» እርሳቸውም በእናታቸው ስም ማሉ።

ምን ዋጋ አለው! አምና ሕጉ ቀርቦ ስም ሲጠራ፣ «ዴልበርት ያንዶ!» ቢባል ዝም፤ ሁለተኛ ቢባል ዝም፤ ወንበራቸው ባዶ። ክቡርነታቸው በዚያች ሰዓት ሽንት ቤት ነበሩ። በዚያ ሸንጎ ደግሞ አንድ የቆየ ልማድ አለ፤ አዎ ብሎ ባለ ፋብሪካውን፣ አይ ብሎ መራጩን ማስቀየም የማይሻ እንደራሴ፣ ስሙ ሊጠራ ሲል ሆዱን ይዞ ወደ ሽንት ቤት ይሸሻል፤ ከባድ ሕግ በሚወሰንበት ቀን እዚያ ቦታ አይገኝም፣ ወረፋ ነው። የእርሳቸው ግን እውነተኛ ሽንት ነበር፤ እግዜር ያያል! ግን ማን ያምናል? ሕጉም በአንዲት ድምፅ ጉድለት ወደቀ።

ወእምዝ የወንዝና የሸማች ተቆርቋሪዎች ማኅበር፣ እንደራሴዎች የሰጡትን ድምፅ በየዓመቱ አትሞ የሚበትን፣ ሰሌዳውን አወጣ፤ ለወንዙና ለገዢው የቆመ በስሙ አንጻር አረንጓዴ ቅጠል፣ የተቃወመ ቀይ ጭረት፣ የጠፋ ደግሞ የባዶ ወንበር ሥዕል ተሰጠው። ሰሌዳውም በኤልም ሆሎ ቆሻሻ መጣያ በር ላይ ተለጠፈ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከተማው ሁሉ ቆሻሻውን ጭኖ የሚገናኘው፣ እንደራሴውም ከመራጩ ጋር የሚወያየው እዚያ ነውና። ሕዝቡም ሥዕል አልበቃው ብሎ፣ ከተጣለው ዕቃ መካከል አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር አውጥቶ፣ ጀርባው ላይ «የዴል ዙፋን» ብሎ ጽፎ በሩ አጠገብ አቆመው። የመጣያው ሹም ኦረን ጋኞ፣ ሊቀ ጠርሙስ ወቆርቆሮ፣ የዴልበርትን መኪና ባየ ቁጥር አዋጅ ያስነግር ነበር፤ «ስማ ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ክቡርነታቸው መጥተዋል! ዴልዬ፣ ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው፣ እንዳያመልጥህ!»

ይህን ሁሉ ሳቅ ዴልበርት ያንዶ ችለውት ነበር። ያልቻሉት የእኅታቸውን ዝምታ ነው። ሙርየል ከዚያች ቀን ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈሱላቸውም፤ አጥሩ ላይ ቢገናኙ ከላማቸው ጋር ያወራሉ፤ መጣያው ዘንድ ቢገናኙ ጀርባቸውን ሰጥተው ጠርሙሳቸውን ይደፋሉ፤ ወንድማቸው «እትዬ፣ ማል በሉኝ፣ እውነተኛ ነበር!» ብለው ቢያውጁም፣ የሚሰማው የጠርሙስ ኮሽታ ብቻ ነበር። ሰውዬውን ውስጥ ውስጡን በላቸው።

ዘንድሮ ሕጉ ዳግመኛ በቀረበ ዕለት፣ ሙርየል ያንዶ የከብት በረት ካፖርታቸውን እንደለበሱ፣ ክንዳቸውን አጣምረው፣ ከሸንጎው ሰገነት ላይ ተሰየሙ። ዴልበርትም ሲገቡ ጭፍሮቻቸውን አስከትለው ነበር፤ በቀኛቸው ሉሲንዳ ፓኬት፣ የንቦች እመቤት፣ የወንበር ጎረቤታቸው፤ በግራቸው ዋልዶ ኪትሪጅ፣ ጡረተኛው መምህር፣ ዐይኑን ገልጦ መተኛት የሚችል ጀግና፤ ከኋላቸውም ፍየል አርቢዎች፣ አንዲት ጥርስ ሐኪም፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ፣ ሁሉም በጭቃ ቦት ጫማ። በግድግዳው ሥር ግን ፋብሪካዎቹ የላኳቸው ደጅ ጠኚዎች ተደርድረው ነበር፤ ጫማቸው እንደ መስተዋት፣ ጭቃ የሚባል ነገር ያላየ።

ወዮ ለዚያች ዕለት! የሜፕል ቀን ነበረቻ! ከሜፕል ዛፍ ፈሳሽ ጣፋጭ ሽሮፕ የሚያፈሉ ነጋዴዎች በሸንጎው አዳራሽ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ ከዛፉ የተንጠባጠበውን ጥሬ ጭማቂ እንደ ውኃ በየጽዋው እየቀዱ፣ በእንደራሴው ላይ በየተራ አዋጅ ነገሩ። አንዱ «የኔንስ? የጎረቤቴን ጠጥተህ የኔን ልታልፍ?» ሲል፣ ሌላይቱ «ኧረ በሞቴ! ይህቺን ብቻ! ባለፈው ምርጫ በዝናብ ተሰልፌልሃለሁ እኮ!» አለች። ከመራጭ እጅ ጽዋ የሚመልስ እንደራሴ ሹመቱን በገዛ እጁ የሚመልስ ነው፤ ስለዚህ ዴልበርት ጠጡ፤ ደግመው ጠጡ፤ ሆዳቸው እንደ ከበሮ እስኪወጠር ጠጡ። ደወልም ተደወለ። እንደራሴው ወደ ሽንት ቤቱ በር ሁለት እርምጃ እንደተራመዱ ቀና ቢሉ፣ ከሰገነቱ ላይ የሙርየል ዐይን። ተመለሱ፤ ተቀመጡም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን የሰው ፊኛ እንዴት እንደቻለው ጸሐፊ አያውቅም። ክቡር ኤምሪ ትሬድዌል፣ የሕጉ ተቃዋሚ፣ አንደበተ ረዥም፣ ተነሥተው «ጎበዝ፣ ገበሬ መፍቻ ይዞ ኮምፒዩተር ይንካ? ነገ ጥርሱን ራሱ ልንቀል ይላል!» ብለው ካወጁ በኋላ፣ ንግግራቸውን ከወንዞቻችን ምንጭ ጀምረው እስከ ፏፏቴዎቻችን አወረዱት፤ በየመሐሉም ከማሰሮው ወደ ብርጭቆ ውኃ ይቀዱ ነበር፤ በቀስታ፣ ከከፍታ። ዴልበርትም እግራቸውን ባጣመሩ ጊዜ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ ሉሲንዳ ፓኬትም በሹክሹክታ አወጀች፤ «ዴል፣ ስለ ፈጣሪ፣ የማሩን ብልቃጥ ልትገለብጥብኝ ነው!»

በመጨረሻም ክብርት አፈ ጉባኤ ኮንስታንስ ብሬይነርድ፣ የእንጨቱ መዶሻ ባለቤት፣ ድምፅ ተነሥቶ በመቆም እንዲሰጥ አዘዙ። ሸንጎው ይህን አሰጣጥ እንደ ነፍሱ ይወደዋል፤ የቆመው ተቆጥሮ ይቀመጣል እንጂ ማን እንደ ቆመ አይጻፍም፤ የማኅበሩ ሰሌዳም የሚጽፈው ስም አያገኝም። «የምትደግፉ ተነሡ» ሲባል ዴልበርት ያንዶ ቀድመው ብድግ አሉ፤ ተቆጠሩ፤ ተቀመጡ። ልባቸውም ሐሴት አደረገ፤ ቃሌን ጠበቅሁ፣ እኅቴም አየችኝ፣ ከእንግዲህ ማን ይከለክለኛል ብለው፣ ጆሯቸውን እንኳ ለአፈ ጉባኤዋ ሳይሰጡ ወደ በሩ ሊሮጡ ተነሡ። የተነሡትም «የምትቃወሙ ተነሡ» በተባለበት ቅጽበት ነው። ቆጣሪውም አየ፤ ቆጠረም።

አፈ ጉባኤዋ አወጁ፤ «የተከበራችሁ አባላት፣ እኩል ለእኩል ነው። እኩል ከሆነ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ፣ ሕጉ ወደቀ ማለት ነው። ሌላ ሐሳብ ያለው ከሌለ...» መዶሻውም ተነሣ። ሉሲንዳ ፓኬትም የእንደራሴውን ኮት ጅራት ይዛ አወጀች፤ «አንተ ሰውዬ! ለሁለቱም እኮ ነው የቆምከው! ሁለት እግር አለኝ ብለህ ሁለት ዛፍ ላይ ወጣህ?»

ዴልበርት ያንዶ በመተላለፊያው መካከል ቀሩ። ከፊታቸው በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ከበሩም ማዶ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ያች የተባረከች ትንሽ ክፍል ትታያለች። ዝም ቢሉ የሚያውቅባቸው የለም፤ ስማቸው አልተጻፈም፤ ባዶ ወንበርም አይሣልባቸውም። ወደ ሰገነቱ ግን ቀና አሉ፤ ሙርየል ካፖርታቸውን እየቆለፉ ሊወጡ ተነሥተዋል፤ ፊታቸውም ያ ድርቆሽ የሻገተ ዕለት እንደነበረው ነው። ያን ጊዜ ዴልበርት እንባቸው መጣ። ከዚያም፣ ከተወጠረው ሆዳቸው፣ ጣሪያውን ያናጋ አዋጅ አወጡ፤ «ክብርት አፈ ጉባኤ! ስም ይጠራልኝ!»

ሸንጎው ተናወጠ። በልማዳቸው ወደ ሽንት ቤቱ የተፈተለኩ እንደራሴዎች ነበሩ፤ አፈ ጉባኤዋ ግን ቀደሟቸው፤ «አጋፋሪ፣ በሩን ዝጋ! ውጤት እስኪነገር ማንም አይወጣም! ምክንያት አልሰማም፣ የማንንም!» አጋፋሪው ኤቨረት ፕላምሊም በሩን በአፍንጫቸው ላይ ዘጋው። ዴልበርት ተመልሰው ተቀመጡ፤ ስም የሚጠራው በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ መሆኑንና ያንዶ ከሚለው በኋላ በመዝገቡ ማንም አለመኖሩን ያስታወሱት ያኔ ነው። ወይ ፍርጃ!

ጥሪው ተጀመረ። አንዱ አዎ፣ አንዱ አይ፤ አንዱ ደግሞ ተነሥቶ ድምፁን ለማብራራት ከአያቱ ትራክተር ታሪክ ጀመረ። ዋልዶ ኪትሪጅ ሲጠሩ ዐይናቸው ተገልጦ ነበር፤ ሰውየው ግን አልነበሩም፤ ሉሲንዳ በክርኗ ደቁሳ ስታነቃቸው «ዋና ከተማዋ?» ብለው ካወጁ በኋላ አዎ አሉ። ዴልበርት በዚህ ሁሉ ጊዜ ላም ቆጠሩ፤ ጥርሳቸውን ነከሱ፤ ላብ ከግንባራቸው ሲወርድ፣ ምነው ሁሉም በዚያ በኩል በወጣልኝ ብለው ተመኙ። ሙርየል በሰገነቱ አጥር ላይ ተደግፈው፣ አንዱን ቁልፍ ቆልፈው አንዱን ሳይቆልፉ፣ እንደቆሙ ቀርተዋል።

ከመጨረሻው ስም በፊት ድምፁ እኩል ነበር። «ዴልበርት ያንዶ!» ሲባል እንደራሴው ሊቆሙ አልደፈሩም፤ እንደተቀመጡ፣ «አዎ! አዎ! አዎ!» ብለው አወጁ። ጸሐፊውም «አንዱ ይበቃል፣ ክቡር እንደራሴ» ብሎ መለሰ። አፈ ጉባኤዋም መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ ወደ ብርሃን አንሥተው አዩት፤ አሁንም ጠረጉ። አጋፋሪው ፕላምሊ ግን የሸመገለ ሰው ነበርና የፊኛን ነገር ማንም ሊያስተምረው አያሻም፤ እጁን በመዝጊያው ላይ አድርጎ ይጠብቅ ነበር። «ሕጉ አልፏል» ከሚለው አዋጅ «አል» እንደተሰማ በሩ ተበረገደ፤ ዴልበርት ያንዶም በጭቃ ቦት ጫማቸው፣ ክራባታቸው በትከሻቸው ላይ እየተውለበለበ፣ ኮሪደሩን አቋረጡት። የድላቸውን ጭብጨባ የሰሙት ከዚያች ክፍል ውስጥ ነው፤ ጭብጨባውም አለቀ፤ እርሳቸው ግን ገና አልጨረሱም ነበር። ሲወጡ ሰገነቱ ባዶ ነው፤ ሙርየል ሄደዋል።

ቅዳሜ ዴልበርት ቆሻሻቸውን ጭነው ወደ መጣያው ወረዱ። ወሬው ቀድሟቸው ስለነበር ኦረን ጋኞ ከቆርቆሮው ክምር ላይ ቆሞ አወጀ፤ «ስማ ስማ! ለሁለቱም ወገን ቆሞ ያሸነፈ ብቸኛ ሰው ይኸውላችሁ! ዴልዬ፣ ቅጠልህን እኔው ራሴ በቀለም ሥዬልሃለሁ፣ ማኅበሩ እስኪያትም አላስቻለኝም!» ሕዝቡም ጮኸ፤ ተሳሳቀ፤ የመኪናውን ጥሩምባ ሁሉ ነፋ። እርሳቸው ግን በሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ያዩ ነበር፤ ዙፋኑ የለም።

ከጠርሙሱ ክምር ዘንድም ሙርየል ያንዶ ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር። ጠርሙሳቸውን ደፍተው ጨረሱ፤ እጃቸውን በካፖርታቸው ጠረጉ፤ ዞሩም። ከዓመት ዝምታ በኋላ የወጣችው አዋጅ ይህች ናት፤ «ዴል፣ የወንበርህን እግር ሠርቼዋለሁ፣ ወጥ ቤት ጠረጴዛዬ ጋ ነው። ና ቤት፣ ሾርባ ጥጃለሁ። የሽንት ቤቱን በር ደግሞ ገርበብ አድርጌልሃለሁ።»

እነሆ ይህ የዴልበርት ያንዶ ክብር ነው፤ ሁለት ጊዜ ቆመው የተሳሳቱት፣ አንድ ጊዜ ተቀምጠው ያቀኑት፤ የሻገተ ድርቆሽ ካሣ፣ የመፍቻ ጠበቃ፣ የጽዋ ሁሉ ጠጪ፣ ፊኛው እንደ ቃሉ የጸና! ዝናቸው በቆሻሻ መጣያዎች ሁሉ ይነገር፤ በሮችም በፊታቸው ቶሎ ቶሎ ይከፈቱ። በዚያች ቅዳሜ በተጠገነው ወንበር ላይ ተቀምጠው ሦስት ሳህን ሾርባ ጠጡ፤ እኅታቸውም አራተኛውን ቀዱላቸው።