ለአርኔ የገዛነው ዓሣ ጠቋሚ

በዚህ ዓለም ጣጣ የሚያመጣው ለፍላፊ ሰው አይደለም፤ ዝምተኛ ነው። ለፍላፊ በቀን ሺህ ነገር ያወራል፣ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥርለትም። ዝምተኛ ግን በአራት ዓመት አንዴ አፉን ሲከፍት ቃለ ጉባኤ ይያዝለታል። እኔን ያየ ይቀጣ።

እኛ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ በአማርኛ የምናመልከው ሃውገሩድ የሚባል ሰፈር ውስጥ የኖርዌጂያኖች ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተን ነው። የአዳራሹ ኃላፊ፣ ቫክትሜስተሩ፣ አርኔ ይባላል። ሁለት ሰዓት ይፈጃል ያልነው ፕሮግራም አራት ሰዓት ሲፈጅ ጃኬቱን እንደለበሰ ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ይጠብቀናል እንጂ አንድም ቀን ተናግሮን አያውቅም። እኔ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ አዳራሹን አጸዳለሁ። በአራት ዓመት ውስጥ ከአርኔ ጋር የተነጋገርነው ሁሉ ቢጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። "ሃይ" ይለኛል፣ "ሃይ" እለዋለሁ። ብርድ ሲገባ "ይቀዘቅዛል" ይላል፣ እኔ "ጃ"፣ አዎ፣ እላለሁ። ከእሱ የበለጠ የምግባባው ወዳጅ የለኝም።

አርኔ ጡረታ ሊወጣ ነው ተባለና ስጦታ ለመምረጥ ስብሰባ ተጠራ። እህት ሰብለ ጋቢ አለች። ወንድም ዳንኤል የግድግዳ ሰዓት አለ። (እኛ፣ ለእሱ፣ ሰዓት... እናንተው ፍረዱ።) እኔ እንደ ልማዴ በሩ ጋ ካፖርቶቹ መሃል ተቀምጫለሁ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም፣

"ዓሣ አያገኝም" አልኩ።

ካፖርት የተናገረ ያህል ሁሉም ዞረው አዩኝ።

"ምን አልሽ የኔ ልጅ? እስቲ ድገሚው" አሉ ሽማግሌያችን ጋሽ ታደሰ።

ተነስቼ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ ተናገርኩ። አርኔ ሰኞ ዕረፍቱ ስለሆነ በክረምት በረዶ የሚሠራው ከሰፈሩ በላይ ያለ ሐይቅ ላይ ወጥቶ በረዶውን ይበሳና ዓሣ ያጠምዳል። ማክሰኞ ባልዲውን ዕቃ ቤት አገኘዋለሁ። አራት ክረምት ሙሉ አንዲት የዓሣ ቅርፊት አላየሁበትም። ከበረዶው ሥር ዓሣ የት እንዳለ የሚያሳይ መሣሪያ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ ኤኮሎድ ይሉታል።

እህቶች ከንፈራቸውን መጠጡ። አራት ክረምት ባዶ ባልዲ...

"ጴጥሮስ በማሽን ነው እንዴ ያገኘው?" አለ ወንድም ዳንኤል፣ ሰዓቱ እንደቀረበት ሲገባው።

"ጴጥሮስማ መረቡን በቀኝ ጣል ብሎ የነገረው ነበረ" አለች እህት ሰብለ። "ለአርኔ ማን ይንገረው?"

ጸደቀ። መራጯ እኔ፣ አጃቢዬ ጋሽ ታደሰ እንድንሆን ተወሰነ። ያን ሳምንት እህል አልወረደልኝም። አርኔ ቢጠላውም ጨዋ ነውና "ደስ ይላል" ብሎ ጓዳ ይጥለዋል። ያለኝን አንድ ወዳጅ ደግሞ ምን እንደሚወድ ሳላውቅ አራት ዓመት ሃይ ስለው ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ሱቅ ውስጥ ሻጩ ሦስት መሣሪያ ደረደረልን። አንደኛው የቴሌቪዥን ዘመድ ነው። ሁለተኛዋ ቀዳዳው ውስጥ ተንሳፍፋ ያየችውን ወደ ስልክ የምትልክ ኳስ ናት። ሦስተኛው ክብ ነው፤ እንቁላል የምታህል ነገር በገመድ ውኃው ውስጥ ይሰዳል፣ ከታች ዓሣ ካለ ፊቱ ላይ ቀይ መስመር ይበራል። ሻጩ ድምፅ ውኃ ውስጥ ሄዶ፣ ዓሣውን ነክቶ እንዴት እንደሚመለስ በእጁ እያሳየ አስረዳኝ። እኔ ከስድስተኛ ክፍል የወጣሁት ስለ ድምፅ የሚያወራው ምዕራፍ ላይ ሳንደርስ ነው። ራሴን ነቀነቅኩ።

"ስንት ሜትር ጥልቀት ላይ ነው የሚያጠምደው?" አለኝ።

"ጃ" አልኩት።

ጋሽ ታደሰ ቴሌቪዥኑን አቅፈውታል። "ስጦታ ማለት ይሄ ነው። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ሊያየው ይገባል።"

"ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሃያ ቁልፍ አለው።"

"ቢኖረውስ?"

"አርኔ የአላርሙን አራት ቁጥር መያዝ አቅቶት ግድግዳው ላይ ጽፎታል።"

"እሺ፣ ኳሷስ?"

"የእሱ ስልክ አሮጌ ነው፣ አይቀበላትም። ቢቀበላትም በዚያ ብርድ ጓንቱን ሊያወልቅ ነው? ክቡ አንድ ትልቅ መዘውር ብቻ ነው ያለው፤ በጓንት ይዞራል።"

ጋሽ ታደሰ ቴሌቪዥኑን ቀስ ብለው አስቀመጡና ትክ ብለው አዩኝ። "አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ወሬ የት ደብቀሽው ነው የኖርሽው?"

ክቡን ገዛን። እሑድ ሲሰጠው አርኔ እስከ ጆሮው ቀላ፣ "ታክ"፣ አመሰግናለሁ፣ አለና ተቀመጠ። ወደደው? ጠላው? ምንም ማወቅ አልተቻለም። ማክሰኞ ቁልፉን ሊያስረክብ ሲመጣ ግን መጥረጊያዬ አጠገብ ቆሞ፣ "ሰኞ ትመጫለሽ? አብረን እንሞክረው" አለኝ። በአራት ዓመት ከአፉ የወጣ ረጅሙ ንግግር ይህ ነው።

ሰኞ ሐይቁ ላይ ወጣን። በረዶውን በሳ፣ እንቁላሏን ሰደደ፣ መንጠቆውን ለቀቀ። ብዙም ሳይቆይ ቀይ መስመር በራ። ሌላ ተጨመረ። ሌላም። ከእግራችን ሥር ገበያ ቆሟል።

"አርኔ፣ ዓሣ!" አልኩ።

አርኔ መስመሮቹን በጥንቃቄ ተመለከተ። ከዚያ መንጠቆውን ቀስ እያለ ጠቅልሎ ከውኃው አወጣው።

"ምነው?"

ግራ ቀኙን አየ። ከዛፍ በቀር የሚሰማን የለም። "ዓሣ ይዤ ከገባሁ ባለቤቴ እንግዳ ትጠራለች" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ወገኖቼ፣ አጥንቴ ድረስ ነው የገባኝ። ይህ ምስኪን አራት ክረምት ሙሉ ዓሣ የሌለበትን ቦታ በግምት ብቻ ሲፈልግ ኖሯል።

ዕቃውን ሰበሰበ። ራቅ ብሎ ሌላ ቀዳዳ በሳ፣ እንቁላሏን ሰደደ። ምንም። ትንሽ ጠበቀ። አሁንም ምንም የለም። መንጠቆውን ለቀቀና ተደላድሎ ተቀመጠ። "በጣም ጥሩ መሣሪያ ነው" አለ፣ ከልቡ። እስከ ምሳ ሰዓት ሁለተኛ ቃል አልተናገርንም። እንደዚያ ቀን ተጫውቼ አላውቅም።

እሑድ ጋሽ ታደሰ ማይክሮፎኑን ጨበጡና ወደ ካፖርቶቹ አዩ። "እህታችን፣ አርኔ ዓሣ አገኘ ወይ?"

"ያለበትን ቦታ በደንብ አውቆታል" አልኩ። እውነት ነው።

ጉባኤው አጨበጨበ። ጋሽ ታደሰ በጭብጨባው ሞቅ አላቸውና፣ "እንግዲያው በሚመጣው ሰኞ ሁላችንም ሐይቁ ላይ ወጥተን፣ ዘምረን፣ ከእሱ ጋር ብናጠምድስ?" አሉ። እጆች መውጣት ጀመሩ። እህት ሰብለ "ዳቦውን እኔ" አለች።

በሕይወቴ ለሦስተኛ ጊዜ ሕዝብ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። "በረዶው አይችለንም" አልኩ። "ሳስቷል።"

የካቲት አጋማሽ ነበር፤ በረዶው የጭነት መኪና ይችላል። ግን ማንም አልጠየቀኝም። እሷ ዝምተኛ ናት፣ ከተናገረች አይታ ነው አሉ።