እድፍ የማይዘው ጋቢ

እኛ ሰዎች ትልቅ ነገር እንወዳለን። ትልቅ ቤት፣ ትልቅ መኪና፣ ትልቅ ድግስ፤ ለቅሶ እንኳ ስንሄድ የትልቁን ሰው እናስቀድማለን። ትንሽ ነገር ትዝ የሚለን ጫማችን ውስጥ ጠጠር ሲገባ ብቻ ነው። እናንተ እንደዚህ አይደላችሁም ካላችሁ አልከራከርም። እኔ ግን እስከ ስድሳ አራት ዓመቴ ድረስ እንዲህ ነበርኩ፤ ያስተካከለኝ ብሩክ ነው።

ብሩክ የሟቹ ጓደኛዬ ልጅ ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ካምፓላ ውስጥ ከእኔ በቀር የቅርብ ዘመድ የለውም፤ እኔም ብሆን ስቆጣ የሚሰማኝ ሌላ ሰው የለኝም። ካትዌ፣ ብረት ሲቀጠቀጥ በሚውልበት ሰፈር፣ አንዲት ጠባብ ወርክሾፕ ተከራይቶ የናኖ ቴክኖሎጂ ሥራ ይሠራል። ናኖ ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ «ጋሼ፣ አንዲት ፀጉር ሰማንያ ሺህ ቦታ ብትሰነጠቅ አንዷ ስንጣሪ ማለት ናት» አለኝ። እኔ ፀጉር ስንጠቃ ስብሰባ ላይ ብቻ የሚሠራ ሥራ ይመስለኝ ነበር። ለካ እንጀራም ይበላበታል።

ያችን የማትታይ ነገር በፈሳሽ በጥብጦ የብረት በር ላይ ሲረጫት ዝገት አይደፍረውም። የታክሲ መስታወት ላይ ሲረጫት ዝናቡ ተንሸራቶ ይወርዳል። ጨርቅ ላይ ሲረጫት ውሃም ዘይትም አይዘውም። ሌላው ዓለም በዚሁ ጥበብ ውሃ ያጣራል፣ ሲሚንቶ ያጠነክራል፣ መድኃኒት በቀጥታ ወደታመመው ቦታ ይልካል ይላል ብሩክ። እኔ ያየሁት በሩንና መስታወቱን ስለሆነ ስለሌላው አልመሰክርም።

ችግር የመጣው ብሩክ ሊያን ሲወድ ነው። የሊያ አባት አቶ መኰንን ዕድሜያቸውን በአውሮፕላን ጥገና የፈጁ፣ መፍቻ የማይጨብጠው ነገር ከነጭራሹ የለም ማለት ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው። ልጃቸው ስለ ብሩክ ሥራ ስትነግራቸው፣ «የማይታይ ነገር የሚሸጥ ሰውማ ካምፓላ ሞልቷል፤ ናጉሩ ዋናው መምሪያ ያሉት ፖሊሶች የሚፈልጉት እሱን አይደል?» አሏት። ልጅቷ ደግሞ አባቷ ሳይመርቁ አላገባም አለች። እንግዲህ የቀረው ሽማግሌ መላክ ነበር።

ሦስት ሆነን ተመረጥን። አንደኛው እኔ ነኝ። ሁለተኛው ሐጂ ሰይድ፣ የወሎ ሰው፣ ቅመማ ቅመም ነጋዴ፣ በምርቃት የሚተካከላቸው የሌለ። ሦስተኛው የብሩክ አከራይ ነው፤ ብረት ሠሪ ነው፣ መንታ ስለወለደ በአገሩ ደንብ ሁሉም «ሳሎንጎ» ይለዋል። የባዕድ አገር ሰው ለሽምግልና መላክ ደንብ ነው ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔም ብዬ ነበር። ብሩክ ግን «ሥራዬን በየቀኑ የሚያየው እሱ ነው» አለኝና አፌን አስያዘኝ።

በቀጠሮው ዋዜማ ብሩክ ሦስት አዲስ ነጫጭ ጋቢ ገዝቶ፣ ያንን ፈሳሽ ረጭቶ አደረቀልን። ወሩ ኅዳር ነው፣ የካምፓላ ዝናብ ግን አላባራም፤ ሽማግሌዎቹ ጭቃ ይዘው እንዳይገቡ ማሰቡ ነው። እኔም ስለ ልጁ የምናገረውን ሳጠና ስለ ጋቢው አልተጨነቅኩም። እድፍ እንዳይዘን ታሰበ፤ እድፉ ታዲያ ወዴት ይሄዳል ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

በቀጠሮው ቀን መንገዱ ተዘጋግቶ መኪናችን ካትዌ ላይ ቆመ። ያረፈደ ሽማግሌ ግማሹን መልስ በር ላይ ያገኛልና፣ ሦስታችን ቦዳ የሚሏቸውን ሦስት የኪራይ ሞተሮች ተሳፍረን በዝናብ ወደ አቶ መኰንን ሰፈር፣ ወደ ቡጎሎቢ በረርን። ጋቢ ለብሰው በሞተር ሳይክል የሚከንፉ ሦስት ሽማግሌዎች ለካምፓላም አዲስ ነገር ናቸው፤ ትራፊኩ ሳይቀር ሰላምታ ሰጠን። ስንደርስ ሱሪያችን እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነበር። ጋቢያችን ግን ከሳጥን የወጣ ይመስላል። አቶ መኰንን በር ከፍተው ጋቢውን አዩ፣ ዝናቡን አዩና አስገቡን።

እንደ ደንባችን ቆመን፣ ካልተፈቀደልን አንቀመጥም አልን። ተፈቀደልን። ጉዳያችንን ተናገርን። «ልጁ ምን ይሠራል?» አሉ፣ የሚያውቁትን ነገር። እኔ ያጠናሁትን ጀመርኩ፤ ፀጉሯ ስንት ቦታ እንደምትሰነጠቅ ላይ ስደርስ ቁጥሩ ጠፋኝ። ሐጂ ሊያግዙኝ ብለው፣ «አቶ መኰንን፣ ጨውስ ቢሆን ወጥ ውስጥ ከገባ በኋላ መቼ ይታያል?» አሉ። እኔ በልቤ አጨበጨብኩ። አቶ መኰንን ግን፣ «ጨውማ ሳይገባ በፊት አይቼዋለሁ፣ ሐጂ» ብለው ዘጉት። መልሱ ከምሳ በኋላ ይሁን ተባለ።

ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይበላም ይባላል። ዝናብ የመታው ሽማግሌ ግን ይበላል። ለሐጂ ሲባል ገበታው ሁሉ የጾም ሆኖ፣ መሃሉ ላይ ቀይ ሽሮ ይንተከተካል። አቶ መኰንን ደግ ጋባዥ ናቸውና፣ እምቢ ሊሉት ላሰቡት ሰው እንኳ ጉርሻ አይነፍጉም። ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ብለው ግድንግዱን ጠቅልለው ወደ እኔ ሰደዱ። አፌ የቻለውን ያህል ተቀበለ። የተረፈው ደረቴ ላይ ወደቀ።

ሽሮው ግን እንደ ሌላ ጊዜ ሽሮ አልተቀመጠም። ድብልብል ብሎ ደረቴን ወረደ፣ ሆዴን ዞረ፣ የጋቢው ጠርዝ ላይ ሲደርስ ዘለለና አጠገቤ በተቀመጡት በአቶ መኰንን ነጣ ያለ ግራጫ ሱሪ ላይ አረፈ። እኔ ላይ ምልክት የለም። እሳቸው ላይ የእጅ መዳፍ የሚያህል ቀይ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። እንዲህ ያለ ጋቢ የለበሱ ሰዎች ታውቃላችሁ። የጣሉት ሁሉ ተንሸራቶ አጠገባቸው የተቀመጠው ላይ የሚያርፍ፣ እነሱ ግን ጧትም ማታም ነጭ የሆኑ። በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፣ በየእድሩ አሉ፤ ያውም ያለ ምንም ቴክኖሎጂ። ከእነሱ አንዱን መስዬ መቀመጤ አሳፈረኝ፣ ከልቤ አሳፈረኝ። የብሩክ ትዳር በእኔ ሆድ ላይ ተንከባልሎ ሄደ ብዬ አሰብኩ።

ይህኔ ሳሎንጎ ጣቱን ወደ ጋቢዬ ቀሰረና፣ በአገሩ ቋንቋ ጌታዬ ሲል «ሴቦ» ብሎ፣ በእንግሊዝኛ «ልጁ የሚሠራው ይኸው ነው» አለ።

አቶ መኰንን ሱሪያቸውን ረሱት። መነጽራቸውን አምጥተው ጋቢዬን በጣታቸው አሹት። ውሃ አስመጡና አፈሰሱብኝ፤ ወረደ። ዘይት፤ ወረደ። ሻይ፤ ወረደ። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሽማግሌነቴ ቀርቶ የሙከራ ዕቃ ሆንኩ። «ሙቀት ይችላል? ዝገት ላይስ? ሲታጠብ ይለቃል?» እያሉ ሳሎንጎን አፋጠጡት።

«ይለቃል» አለ ሳሎንጎ። «በሩም ላይ ዓመት ሁለት ዓመት ቆይቶ ይሳሳል፤ እንደገና መረጨት አለበት።»

ሐጂ በክርናቸው ጎሸሙኝ። እኔም ይህን ሰው ያመጣንበትን ቀን ረገምኩ።

«ለደንበኛውስ ይነግረዋል?» አሉ አቶ መኰንን።

«የኔ ጭቅጭቅ እሱ አይደል? ዝም በል፣ ሲለቅ ራሳቸው ይመጣሉ እለዋለሁ። እሱ ሳይረጭ በፊት ይነግራቸዋል። አንዳንዱ ሰምቶ ጥሎት ይሄዳል።»

አቶ መኰንን መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ፣ «አርባ ዓመት ዕቃ ስረከብ፣ ይለቃል ብሎ የሸጠልኝ ሰው አላጋጠመኝም» አሉ። ቀና ብለው ወደ ጓዳ ተጣሩ። «ሊያ፣ ነይ፤ ልጁ የሚታይ ነገር አለው።»

እልልታው ቤቱን ሞላው። ሐጂ ምርቃቱን ሲያወርዱት «አሚን» እያልኩ ሳለ የብሩክ አባት ትዝ አለኝ። ይህ ወንበር የሱ መሆን ነበረበት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ መጣልኝ። እንደ ለመድኩት የጋቢዬን ጫፍ ስቤ ዓይኔን ስጠርግ ጋቢው አልቀበልም አለ። እንባዬ ከዚህ ጉንጬ ወደዚያኛው ጉንጬ ተላለፈ እንጂ አልደረቀም። ብጠርግ ብጠርግ ያው። በመጨረሻ አቶ መኰንን መሐረባቸውን አውጥተው ሰጡኝ። «ጋቢዎ ሳይማር አልቀረም፣ እርስዎ ባልተማረው ይጠቀሙ» አሉኝ። ሱሪዎን ላሳጥብልዎት ብዬ ስለምናቸው ደግሞ፣ «ተዉት፣ ከወንድ ወገን የመጣ የመጀመሪያው ጥሎሽ ነው» ብለው ሳቁ።

ቤቴ ገብቼ ጋቢውን በሙቅ ውሃና በሳሙና አሸሁት። ሳሎንጎ እውነቱን ነው፤ ከስንት እጥበት በኋላ ለቀቀ። ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው። ብሩክ ትናንት መርጫውን ይዞ መጥቶ፣ «ጋሼ፣ ለሠርጉ ልድገምልዎት?» አለኝ።

«የአማትህ ሱሪ ላይ ርጭላቸው» አልኩት። «እኔ እሑድ አለቅሳለሁ።»