የስክሪን ድንበር ገፊ

በፈረንጅ አቆጣጠር 2023 ነው፤ እኔ ስልሳ ዘጠኝ ዓመቴ። አንባቢዬ፣ ድንበር ገፊ ታውቃለህ? ባረሰ ቁጥር ወደ ጎረቤቱ አንድ ትልም የሚጨምረውን? እኔ ይህን ሰው እፈራዋለሁ። መሬት የሌለው ሰው በሰው አገር፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ የት ይገፋል ትለኛለህ። ስክሪን ላይ ነዋ!

እኔና አቶ ፍስሐ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በሽተኛ በመኪና ሐኪም ቤት የምናመላልስበት ትንሽ ቢሮ አለን። የልጅ ልጄ ሳራ ፕሮግራም ሠራችልን፤ ስክሪኑ እንደ ማሳ ሦስት ቦታ ተከፈለ። በግራ የእኔ ሹፌሮች፣ በቀኝ የፍስሐ፣ መሐል መኪና የሚጠብቁ በሽተኞች። ድንበሩን በማውስ ስትጎትተው አንዱ ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል። ለሁለት ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ይሰጣል?

ፍስሐ ድንበሩን ትንሽ ወደ መሐል ገፋ። እኔስ ዝም እላለሁ እንዴ? ገፋሁ። አንድ ቀን በረዶ ሲጥል ስልክ ጮኸ። ኩላሊታቸውን ሊታጠቡ ሴንቴኒያል ያለው ክሊኒክ የሄዱት እትዬ አልማዝ ናቸው።

«ረሳችሁኝ እንዴ? ደጅ ቆሜ ደረቅኩ እኮ!»

ስክሪኑን ባይ መሐሉ ክር አክሏል፤ ስማቸው አይታይም። ቀልቤ ተገፈፈ። መኪና ልኬ ፍስሐን «አንተ ነህ የገፋኸው!» ስለው፣ «አንተስ?» አለኝ። እትዬ አልማዝ ቤታቸው እስኪገቡ ሁለታችንም አልተቀመጥንም።

ሳራ ስትሰማ «ዶንት ወሪ አያቴ፣ ለመሐሉ ሚኒመም ሳይዝ እሰጠዋለሁ፤ ከዚያ በታች አይጠብም» አለች። የድንበር ድንጋይ ልትተክል ነው ማለት ነው።

በማግስቱ ጠዋት ከፍስሐ ቀድሜ ቢሮ ገባሁና ድንበሩን ወደ መሐል ገፋሁት። እምቢ አለኝ። ማውሱን በሁለት እጄ ይዤ ገፋሁት። አሁንም እምቢ ሲለኝ ነው ልቤ አርፎ ወንበሬ ላይ የተቀመጥኩት።