ማክሰኞ ላይ የቀረችው ስንዱ

ትናንት ዓርብ፣ በምሳ ሰዓት፣ ስንዱ ሕልም አየች። ሕልም የሌሊት ብቻ ነው ያለው ማነው? የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ባገኘው ሰዓት ያልማል።

በሕልሟ ያው ቢሮዋ ውስጥ ነበረች፣ የከተማው ልደት፣ ጋብቻና ሞት የሚመዘገብበት። ወንበሮቹ ግን ጣሪያው ላይ ተሰክተዋል፤ ጸሐፊዎቹ ቁልቁል ተንጠልጥለው ይጽፋሉ። አለቃዋን አቶ ሽብሩን ከረባታቸው አፍንጫቸው ላይ ወርዶ አየቻቸው።

«ጋሼ፣ ምን ሆነን ነው?»

«ግልበጣ ላይ ነን። ‹ይገልበጥ› ብለሽ የጻፍሽው አንቺው አይደለሽ?»

መጻፉንስ ጽፋለች። ቢሮው ሁለት ሰርቨር አለው። አንዱ ዋናው ነው፤ ሥራው ሁሉ የሚመዘገበው እሱ ላይ ነው። ሌላው ተጠባባቂ ይባላል፤ ዋናው ላይ የተጻፈውን ወዲያው እየገለበጠ፣ ዋናው የወደቀ ቀን ቦታውን ሊይዝ ይጠብቃል። ምስክር ወረቀት የሚታተመውም ከሱ ነው። ታዲያ ይህ ተጠባባቂ ከማክሰኞ ወዲህ መገልበጡን ትቷል። ለምን እንደሆነ ስንዱ ሦስት ቀን ፈልጋ አጥታዋለች። ዓርብ ጠዋት አቶ ሽብሩ ጠረጴዛ መትተው «እንዴትም ብላችሁ ሁለቱን እኩል አድርጉልኝ!» አሉ። እሷም ለሥራ ባልደረባዋ «ይገልበጥ» የሚል ማስታወሻ ጽፋ ጠረጴዛው ላይ ተወች። ወረቀትም ይገለበጣል፣ አሸዋ የጫነ መኪናም ይገለበጣል፤ ሕልሙ የቱ እንደሆነ አልለየም።

ለሌላው ሰው የመዝገብ ጉዳይ ነው፤ ለስንዱ የትዳር ነው። ረቡዕ ዕለት እዚያው ቢሮ ከአለምሰገድ ጋር ተፈራርማለች። አለምሰገድ ጎዴ የሚያስተምር መምህር ነው። ወደ ሚስቱ ከተማ እንዲዛወር የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ማስገባት አለበት፤ ካመለጠው ሌላ ዓመት ጎዴ ነው። ተጠባባቂው ደግሞ ረቡዕ የሚባል ቀን አያውቅም።

በሕልሟ ወደ ሰርቨሩ ክፍል ሮጠች። ኮሪደሩ ላይ ረቡዕ የሞቱ አንድ አዛውንት ከነከፈናቸው ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ።

«አባቴ፣ አይቀበሩም?»

«ተጠባባቂው ሳይገለብጠኝ የት እሄዳለሁ ልጄ? እሱ ጋ እኮ ደህና ነኝ።»

እድርተኞቹ ድንኳኑን ይተክላሉ፣ መልሰው ይነቅላሉ። ሐሙስ የተወለደች ሕፃን «ገና ነሽ» ተብላ ወደ መጣችበት ትመለሳለች። ሕፃኗ ተሳደበች፤ ስንዱ ግን ለመስማት ጊዜ አልነበራትም።

ክፍሉ ውስጥ ሰርቨር የለም። እንደ እግር ኳስ ተቀያሪ አግዳሚ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሌላ ስንዱ አለች፣ የማክሰኞ ሹራቧን ለብሳ፣ የማክሰኞ ሽሮዋን እየበላች።

«ተነሽ! ገልብጪኝ!»

«ቀስ በይ እህት፤ እኔ ገና ማክሰኞ ነኝ።»

«አግብተናል እኮ!»

«እኛን ማን አገባን?»

አጠገቧ አለምሰገድ ቆሟል። እሱማ ከሷም ብሶ፣ ከሦስት ዓመት በፊት መጀመሪያ መስኮቱ ላይ በመጣበት ዕለት ቀርቷል። ከወገቡ ጎንበስ ብሎ «ይቅርታ እህቴ፣ መታወቂያ የሚሰጡት እርስዎ ነዎት?» አላት። የሦስት ዓመት ፍቅር «እርስዎ» ላይ ሲቀር ማን ይችለዋል?

«የሚያግደን ምንድን ነው?» ብላ ጮኸች።

ተጠባባቂዋ በጉርሻ እጇ በሩን አሳየቻት። በሩ ላይ አንዲት ወይዘሮ ተሰንቅረዋል፤ ከኋላቸው ረቡዕ፣ ሐሙስና ዓርብ ተሰልፈው ይገፋፋሉ። ከፊታቸው አቶ ሽብሩ ቀይ እስክሪብቶ ይዘው ቆመዋል።

«ስም?»

«ጸሐይ።»

«በየትኛው ጸ?»

«በጸሎቱ ጸ።»

«ፀሐይን በጸሎቱ ጸ? እኔ ራሴ ማክሰኞ አርሜዎታለሁ! እዚህ ያለችው በፀሐዩ ፀ ናት። እርስዎን አላውቅዎትም፤ አያልፉም።»

ስንዱ ያኔ ገባት። ማንም እጁን ማስገባት የሌለበት ተጠባባቂ ላይ አቶ ሽብሩ ገብተው ፊደል አርመዋል! ዋናው «የጸሐይን አድራሻ ለውጥ» ሲል፣ ተጠባባቂው «እንዲህ የምትባል የለችኝም» ብሎ ቆመ። ከሷ ኋላ ያለው ሁሉ ቆመ፤ ትዳሯም አብሮ።

«አንድ ሴት ናቸው! ይለፉ!» ብላ ወይዘሮዋን በሁለት እጇ ገፋች። በሩ ተበረገደ። ረቡዕ ገባ። ተጠባባቂዋ ሽሮዋን አስቀምጣ ቀለበት አጠለቀች፤ አዛውንቱ ጋዜጣቸውን አጥፈው «በሉ ደህና ዋሉ» አሉ። አለምሰገድ ቀና ብሎ አያትና «አን…» ሲል፣

«ስንዱ! ተነሽ፣ ተሳካ!»

የቀሰቀሳት የሥራ ባልደረባዋ በላቸው ነው። ጉንጯ ላይ የኪቦርድ ቁልፎች ታትመዋል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል።

«ፊደል ነው በላቸው! ጋሼ ፊደል አርመው ነው! እሱን ብቻ ከመለስነው…»

«ፊደሉን ተይው፤ አለቀ። ማስታወሻሽን አይቼ ገለበጥኩት። እኩል ሆነዋል።»

«ከየቱ ወደ የቱ?»

በላቸው ማስታወሻውን አነሳ። አገላብጦ አየው። «ይገልበጥ» ይላል፤ ሌላ ምንም አይልም።

ስንዱ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። ተጠባባቂው ማክሰኞ። ዋናውም ከተጠባባቂው ተገልብጦ ማክሰኞ። እውነትም እኩል ናቸው። የገዛ ስሟን ፈለገች፤ አገኘችው፣ «ያላገባች» ይላል። እንባዋ መጣ።

የባለጉዳይ መስኮቱ ተንኳኳ። አለምሰገድ ነው፣ ማህተሙ ያልደረቀ ወረቀት ይዞ። ያላገባ መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ አትመው ሰጥተውታል። ወረቀቱን አየ፣ እሷን አየ፣ ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

«ይቅርታ እህቴ» አላት፣ «እኔ ያላገባሁ ነኝ አሉ። እርስዎስ?»