ለባቅላባ መሠረት የሚቆፍረው ግንበኛ

እውነቱ ሊሰልም ነው ተባለ። ወሬው የተነሳው ቡራዩ፣ ወደ ገፈርሳ በሚያወጣው መንገድ ዳር ካለው ሰፈር ነው። ማስረጃውም አያሻማም፤ ጴንጤው እውነቱ ረመዳን ከገባ ጀምሮ ፀሐይ ጥልቅ ስትል ከእትዬ አሲያ ደጅ አይጠፋም። ወሬው ቤተ ክርስቲያኑ ደርሶ ሁለት ሽማግሌዎች መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው መጡ። ሚስቱ ትህትና በሩን ከፍታ፣ "ግቡ፣ ግቡ። መያዙንስ ተይዟል፤ ግን በባቅላባ ነው" አለቻቸው።

በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ የሰው ዘር መጠየቅ ነውር ነው እያለ የኬክን ሰባት ትውልድ የሚቆጥር። ለቡራዩ የደረሳት እውነቱ ነው። ከወላይታ የመጣ ግንበኛ ነው፤ ቀን ቀን ሰበታ የፋብሪካ መጋዘን ሲገነባ ይውላል። ማታ ሲሚንቶውን ከጥፍሩ ሥር ፈልፍሎ ወደ ፉርኖ ዱቄቱ ይዞራል። ትህትና ኩሽናውን ካስረከበችው ቆይታለች። ሰፈሩ "ሊቀ ሊጥ" ብሎ ሾሞታል። ሹመቱ ስላቅ መሆኑን እስካሁን የነገረው ስለሌለ፣ ሲጠሩት ደረቱ ይነፋል።

ኬኩ አይጣፍጥም ማለት ግፍ ነው። ይጣፍጣል፤ ጭንቁ እስኪቀርብ ድረስ ነው። የትህትና እህት ልጅ ልደት ላይ ኬኩ አናት ላይ ውሃ ልክ አስቀምጦ፣ አረፋዋ መሃል ካልገባች አይቆረስም ብሎ ልጆቹን አስለቅሷል። ከዚያ ደግሞ ጥያቄው አለ። "ይሄ ነገር መነሻው ከየት ነው?" ይላል። አርፈህ ብላ ያሉት እንደሆነ፣ "መሠረቱን ሳላይ ቆርቆሮ አልመታም!"

መናኸሪያ ቦምቦሊኖ የምትጠብሰውን ልጅ ሳትቀር ጠይቋታል። "ከዘይት ነዋ! ሌላ ከየት ይውጣ?" አለችው። አከራያቸው ኦቦ ገመቺስ ለበዓል በቅቤ የታሸ የገብስ ችኮ ቢያቀምሱት፣ "ኦቦ፣ ይሄን ማን ጀመረው?" አላቸው። ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። "ረሃብ ነው የጀመረው። ኛዹ!" አሉት፤ ዝም ብለህ ብላ ማለታቸው ነው።

ይሄ ሁሉ የእትዬ አሲያ ባቅላባ እስኪመጣ ነበር። አሲያ አጥር የሚጋሯት ጎረቤታቸው፣ የዱቄትና የዘይት ነጋዴ ናት። በረመዳን አንድ ሳህን ሞልታ ትልካለች፤ ትህትናም ሳህኑን ባዶውን አትመልስም፤ በሁለቱም ቤት ነውር ነው። ባቅላባው ስስ ሊጥ ተደራርቦ ሽሮፕ የጠጣ ነው፤ ኦቾሎኒ አለበት፣ ኮረሪማ ይሸታል። እውነቱ አንድ ጎረሰና ዝም አለ። ትህትና እንደዚህ ዝም ሲል ያየችው በሠርጋቸው ቀን ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ማታ ማታ አሲያ ደጅ ሆነ።

"እትዬ አሲያ፣ መነሻው ከየት ነው?"

"ከእናቴ።"

"ከእናትዎ በፊትስ?"

"ወላሂ እውነቱ፣ ከእናቴ በፊት እኔ አልነበርኩም!"

ይሄ መልስ ለማን ይበቃል? ቁራሹን ጠቅልሎ ሰበታ ወሰደው፤ ፋብሪካው ውስጥ ማሽን የሚጠግን አንድ ቱርክ አለና። ቱርኩ በላ፣ ጣቱን ላሰ፣ "በጣም ጥሩ! ባቅላባ ግን አይደለም" ብሎ እጁን መልሶ ሰደደ።

ሌላ ሰው ይሄን ዋጥ አድርጎ ይቀመጥ ነበር። እውነቱ ግን ከታክሲ ወርዶ በቀጥታ አሲያ ቤት ገባ። ያን ማታ የልጇ የኑሃ አማቶች የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ከሱሉልታ መጥተው፣ ባቅላባው ፊታቸው ቀርቧል።

"እትዬ አሲያ! ቱርኩ ባቅላባ አይደለም አለ!" አለ፤ ደግሞ ደስ ብሎት።

የሙሽራው እናት መብሩካ የገመጠችውን ሳህኑ ላይ መለሰች። ከማግስቱ ጀምሮ በሯ ለእነ እውነቱ አልተከፈተም፤ የሠርጉ ጥሪም ግራና ቀኙን አዳርሶ እነሱን ዘለለ።

"ምጥ ሲይዘኝ እጄን የያዘችው እሷ ናት" አለችው ትህትና። "አንተ ሰበታ ነበርክ። ልጇን ስትድር እኔ በአጥር ቀዳዳ ልይ?"

"እኔ እኮ የሰማሁትን ነው..."

"ሳህኗ እኛ ጋ ነው። ሞልተህ ትመልሳለህ። በአፍህ አይደለም፣ በእጅህ።"

እውነቱ ሊጡን በመዳመጫ እየዳመጠ ብርሃን እስኪያሳልፍ አሳሳው። ከኦቨን ሲወጣ ወርቅ መስሏል። እዚህ ላይ ቢያቆም ኖሮ! ግን ግንበኛ ነው፤ አዲስ የተሞላ ኮንክሪት ውሃ ካልጠጣ እንደሚሰነጠቅ ያውቃል። ስለዚህ ባቅላባውን ጠዋትና ማታ ሽሮፕ ያጠጣው ጀመር። ትህትና "ይበቃዋል" ስትለው "ገና አልጠነከረም" ይላታል። ሳምንቱ ሲያልቅ ባቅላባው እንኳን ሊጠነክር ዋና ጀመረ።

ትህትና ያንኑ አስይዛ እየገፋች ወሰደችው። አሲያ ከፈተች፤ የተሞላ ሳህን ይዞ የቆመ ሰው ላይ በር አይዘጋም። ሳህኑን ብታዘነብለው ባቅላባው ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ተጓዘ።

"ይሄ በእጅ ነው የሚበላው በጭልፋ?"

"አጠጣሁት፣ እትዬ አሲያ። እንዳይሰነጠቅ ብዬ።"

አሲያ በሩን ተደግፋ፣ ሻሿ እስኪወልቅ ሳቀች። ከዚያ እጅጌውን ይዛ ወደ ኩሽና ጎተተችው። "አንዴ! ትኩሱ ላይ የቀዘቀዘ ሽሮፕ፣ አንዴ ብቻ! ከዚያ እጅህን ሰብስብ!"

ሊጡን እየዳመጡ ሳለ፣ ሳይጠይቃት፣ ቀና ሳትል ተናገረች።

"እናቴ ባቅላባ አይታ አታውቅም። ሀብታም ቤት ምግብ የምትሠራ ጎረቤት ነበረቻት፤ እሷ ናት በአጥር ላይ በቃል የነገረቻት። የውጭውን ለውዝ ገበያ ብታጣው ኦቾሎኒ አደረገችበት፤ ያልገባትን ከራሷ ሞላችው። ቱርኩ አልዋሸህም።"

በሩ ላይ የቆመችው ትህትና ባሏን አየችው። አሁን ምን ሊል ይሆን? እውነቱ መዳመጫውን አላቆመም። "ሊጡን ገና ላሳሳው?" ብቻ አለ። ትህትና እዚያው ይቅር አለችው፤ ለእሱ ግን አልነገረችውም፤ ይለምድበታል።

ከኢድ በኋላ ሠርጉ ሆነ፤ ተጠርተው ሄዱ። ባቅላባውን እውነቱ በግንበኛ ክር አሰልፎ፣ በሰያፍ ቆርጦ፣ ትሪውን ራሱ ተሸክሞ አዞረው። መብሩካ አንድ አነሳች፣ ደገመች፣ ሦስተኛውን ይዛ "አሲያ፣ ቱርኩ እንቢ ያለው ይሄንን ነው? ይተወው፣ ይተርፈናል!" አለች። ድንኳኑ ሳቀ። አሲያ አንገቷ ቀና አለ።

እውነቱ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ትህትና እጅጌውን ያዘችው። እሱ ግን ወደ አሲያ ጎንበስ ብሎ፣ ከእሷና ከትህትና በቀር ማንም በማይሰማው ድምፅ ተናገረ። ሁለቱም አፋቸውን ሞልተዋል።

"ያቺ ጎረቤት እናትዎን በደንብ አስረድታቸው ቢሆን ኖሮ ግን፣ እትዬ አሲያ፣ ዛሬ ምን ልንበላ ነበር?"