ፎቅ ላይ የሚለካ ግፊት

የቺሮ ሰው ምድር ቤት የተቀመጠ ሐኪም አያምንም። ጥሩ ሐኪም ማለት ሊፍት በሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ነው። አክስቴ ፋጡማ እያለከለከች ወጥታ ስትለካ ደም ግፊቷ ሁልጊዜ ከፍ ይላል። አንተስ ብትሆን ዝቅ ይልልሃል? «ጨው ያቁሙ» ተባለች፤ ቤተሰቡ በሙሉ አብሯት አቆመ።

ሲመረኝ ነርሷን ለምኜ ከነመለኪያዋ አወረድኳት። አክስቴ ከደረጃው ሥር አረፍ ብላ ተለካች።

«እናቴ፣ ግፊትዎ ደህና ነው። ጨው በልኩ መብላት ይችላሉ» አለቻት ነርሷ።

እልል ልል ስል አክስቴ ቱግ አለች።

«ወላሂ አልቀበልም! ምድር ላይማ ጫትም ይሸጣል። ሕክምናው ያለው ላይ ነው!»

ቀሚሷን ሰብስባ ደረጃውን ተያያዘችው። ሦስተኛው ፎቅ ስትደርስ ማለክለኳ እታች ድረስ ተሰማኝ። ምሳችን ዛሬም ጨው የለውም።